ልጆቻችን የላኩት ካሜራ የት ይሰቀል?

ከአሜሪካም ሆነ ከአረብ አገር የሚመጣ ሻንጣ ሲከፈት ድሮ የሚጠበቀው ጫማ፣ ሽቶ፣ ሲበዛም የደም ግፊት መለኪያ ነበር። አሁን አሁን አንድ ትንሽ ነጭ ካርቶን አብሮ ይወጣል። ውስጡ ጡጫ የምታህል ካሜራ፣ ቀጭን ገመድ፣ ሦስት አራት ብሎንና አማርኛ የሌለበት የመመሪያ ወረቀት አለ። ልጅ በስልክ "ግድግዳ ላይ አሰቅሉት፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አይላችኋለሁ" ይላል። እናት ካርቶኑን ቁም ሣጥን ላይ ያስቀምጡታል። የብዙው ካሜራ ዕድሜ እዚያው ያልቃል።

እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚኖሩት አክስቴ ካርቶንም ቁም ሣጥን ላይ አንድ ክረምት አልፎበታል። ባለፈው ጥቅምት አውርጄው ሁለት ቀን ሙሉ ሠራሁበት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወላጆች ስለዚሁ ነገር ስለጠየቁኝ የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ልሰጠው ነው።

ስለ ዕቃው ከማውራታችን በፊት አንድ ጥያቄ አለ፤ የቤቱ ባለቤት የሚፈሩት ምንድን ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ትንሽ ነው። የአክስቴ ልጅ የሚፈራው በስልኩ ያየውን ነው፤ አጥር ዘሎ የሚገባ፣ ጭምብል ያጠለቀ ዘራፊ። እኔ ደግሞ ለበዓል የታሰረ በግ፣ ግቢ ያደረ ሞተር ሳይክል፣ የተሰጣ እህል ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር። አክስቴን ስጠይቃቸው ግን ሌላ ሆነ።

"እትዬ፣ በዚህ ግቢ የሚያሳስብዎ ምንድን ነው?"

"ማታ በር ሲንኳኳ ነው" አሉኝ። "ማን እንደሆነ ሳላውቅ መውጣት እፈራለሁ። ዝም ብል ደግሞ የጎረቤት ምጥ ወይ መርዶ ይሆናል።"

ይህ መልስ ሥራውን ሁሉ ወሰነው። የልጃቸው ፍላጎት ከሩቅ አገር ሆኖ ማየት ነው። የእሳቸው ፍላጎት አልጋቸው ላይ ሆነው የገዛ በራቸውን ማየት ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ የሚጠይቁት ዕቃ ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ያለ ኢንተርኔት አይሆንም፤ ሁለተኛው ኢንተርኔት ጨርሶ አያስፈልገውም።

እኛ አካባቢ ልዩነቱ ሕይወት አለው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ሥዕሉን ወደ ባህር ማዶ ኮምፒውተር እየላከ ብቻ የሚሠራ ካሜራ በእነዚያ ወራት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። በደህናውም ቀን ቢሆን ኔትወርክ ይሄዳል ይመጣል። ሌባ ደግሞ ኔትወርክ እስኪመለስ አይጠብቅም።

ስለዚህ የዋይፋይ ካሜራ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ይህን አስደርጉ። ካሜራው ከራውተር ጋር ከተገናኘ በኋላ ሻጩ የራውተሩን ሲም ያውጣ። ከዚያ በዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ስልክ ሥዕሉ ይታያል? ሚሞሪ ካርዱ ላይ መቅዳቱን ቀጥሏል? ሁለቱም አዎ ከሆነ ይገዛል። "እሱ እንኳ ኢንተርኔት ይፈልጋል" ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ልጅም ከውጭ ገዝቶ ከመላኩ በፊት ይህንኑ እዚያው ቤቱ ይሞክር። ወርኃዊ ክፍያ ካልተከፈለ የቀዳውን የማያሳዩ ካሜራዎች አሉ፤ ሳጥኑ ላይ በትንሽ ፊደል የሚጻፈውን ያንብብ።

ለአክስቴ የመረጥኩት የድሮውን መንገድ ነው፤ ባለ ገመድ ካሜራ፣ ዲቪአር የሚባለው መቅጃ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ስክሪን። ሂክቪዥን፣ ዳሁዋ የሚባሉት በየከተማው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አሉ። እኔ ከባሕር ዳር ነው የወሰድኩት፤ ሲበላሽ የሚጠግነውም እዚያው ይገኛል። ስክሪኑ ከአልጋቸው ራስጌ ነው። በሩ ሲንኳኳ አንዲት ቁልፍ ይጫናሉ፣ በሩን ያያሉ። የይለፍ ቃል የለው፣ መተግበሪያ የለው፣ ስልክ አያስፈልገው። ልጃቸው የላከው የዋይፋይ ካሜራም አልተጣለም፤ በጓሮ በኩል ወደ እህል ጎተራው ዞሮ ተሰቅሏል፤ ኔትወርክ ሲኖር ልጁ ያየዋል፣ ሳይኖር ካርዱ ላይ ይቀዳል።

ስለ ሜጋፒክስል ብዙ አትጨነቁ። ሻጭ "ይሄኛው 8 ነው፣ ያኛው 2 ነው" እያለ ዋጋ ይጨምራል። ለአንድ የግቢ በር 2 ወይም 4 ይበቃል። ከሜጋፒክስሉ ይልቅ የሚያሳስበው ርቀትና ሌንስ ነው። በርካሽ ካሜራ ላይ የሚመጣው 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ግቢውን ሰፋ አድርጎ ያሳያል፤ ግን ሰውን ያሳንሳል። ባለ 2 ሜጋፒክስሉ በዚህ ሌንስ የማታውቁትን ሰው ፊት አጥርቶ የሚያሳያችሁ እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ የምታውቁት ሰው ከሆነ እስከ 5 ሜትር ትለዩታላችሁ። ከዚያ ወዲያ "አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው" ነው የምታዩት። ባለ 6 ሚሊሜትሩ ጠበብ አድርጎ 7 ሜትር ላይ ያለን ፊት ያቀርባል። የአክስቴ ቤት ከበሩ 12 ሜትር ይርቃል። ልጃቸው እንዳሰበው ካሜራው ከቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ኖሮ ግቢው ሁሉ ያምራል፣ የሚያንኳኳው ሰው ግን አይታወቅም። ስለዚህ ካሜራው ወደ በሩ ሄደ፤ ከበሩ አጠገብ ምሰሶ ተተከለለት።

ከፍታውም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው "እንዳይነካብኝ" ብሎ ጣራው ጫፍ ላይ ይሰቅላል። ከዚያ ላይ የሚታየው የሰው አናት ነው። በእኛ አገር ደግሞ በብርድ ሌሊት የሚሄድ ሁሉ ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ ነው፤ ሌባም ደግ ሰውም እኩል። ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ላይ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ታች አዘንብሎ የተሰቀለ ካሜራ ከጋቢው ሥር ያለውን ፊት ያገኛል። እጅ ይደርስበታል የምትሉ ከሆነ ጠንካራ ክብ ሽፋን ያለውን ምረጡ። የሚሠረቀው ካሜራ ቢሆን እንኳ መቅጃው ቤት ውስጥ ነውና የሰረቀው ሰው ፊት ይቀራል። ሚሞሪ ካርዱ ካሜራው ሆድ ውስጥ ያለ ከሆነ ግን ምስክሩም አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ አሰቃቀሉ። መመሪያው ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል የጡብ ግድግዳ ነው፤ በድሪል ይበሳል፣ ፊሸር ይገባል፣ ብሎን ይጠብቃል። የመካነ ኢየሱስ ቤት ግን ብዙው የባህር ዛፍና የጭቃ ነው። ጭቃ ላይ ፊሸር ብትተክሉ ለሳምንት ይይዛል፤ ከዚያ ካሜራው እንደ ደከመው ሰው አንገቱን ይደፋል። ግድግዳውን በጣታችሁ ቆርቁሩት፤ ድምፁ የሚጠጥርበት ቦታ ቋሚው አለ። ረጅም የእንጨት ብሎን እዚያ ላይ ይታሰር። ቋሚው የምትፈልጉት ቦታ ላይ ከሌለ ከሁለት ቋሚ ላይ አንድ ጣውላ አጋድማችሁ ካሜራውን ጣውላው ላይ ስቀሉ።

ለበሩ የሚተከለው ምሰሶ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፤ ኅዳር ላይ በሩን ሲያይ የነበረ ካሜራ የካቲት ላይ የጎረቤት ቡና ዛፍ ሲያይ ታገኙታላችሁ። ጠለቅ ተደርጎ፣ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር፣ በድንጋይ ተጠቅጥቆ ይተከል። ቀጭን ምሰሶ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ካሜራውም ዓለሙ ሁሉ የተንቀሳቀሰ መስሎት ሌሊቱን ሙሉ "ሰው አለ" እያለ ስልክ ያስጮኻል። ቅርንጫፍ፣ የተሰጣ ልብስና ባንዲራም ይህንኑ ያደርጋሉ። አምስት ቀን በሐሰት የተቀሰቀሰ ሰው በስድስተኛው ቀን ስልኩን ያጠፋል።

ዋይፋይ ላለው ካሜራ ቆርቆሮ ጠላቱ ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ የቆርቆሮ በር፣ የቆርቆሮ ግድግዳ ሞገዱን ይመልሰዋል። ራውተሩ ሳሎን መደርደሪያ ላይ፣ ካሜራው ከቆርቆሮ ኩሽና ጀርባ ከሆነ ባይገናኙ አትገረሙ። ራውተሩን ወደ ካሜራው በሚያይ መስኮት አጠገብ አስቀምጡ፤ ከመብሳታችሁ በፊት ካሜራውን በእጅ ይዛችሁ ቦታው ላይ ለአሥር ደቂቃ ቆማችሁ ሥዕሉን እዩ። ይህ ከድሪል በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ፀሐይን አትርሱ። ወደ ምሥራቅ ቀጥ ብሎ የሚያይ ካሜራ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሰውን ጥላ አድርጎ ያሳያል፤ ወደ ምዕራብ የሚያየው ከሰዓት በኋላ እንዲሁ። በተቻለ መጠን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ጠምዘዝ ይበል። የማይቻል ከሆነ ከታዛው ሥር ገባ ብሎ ይቀመጥ። ታዛ ከፀሐይም ከጉና በኩል ከሚመጣው በረዶም ይከልላል። ሳጥኑ ላይ አይፒ66 የሚል ካለ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭን ውኃ ይችላል ማለት ነው። ውኃ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ በካሜራው ሳይሆን በገመዱ መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያው በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ገመዱም ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ከመግባቱ በፊት እንደ ጉትቻ ወደ ታች ይውረድና ከዚያ ወደ ላይ ይመለስ፤ ውኃው ከታችኛው ጫፍ ይንጠባጠባል፣ ቤት አይገባም። ይህን አንድ ነገር ያላደረገ ባለሙያ ካያችሁ አስቁሙት።

ገመዱ ረጅም ሲሆን የሚመጣ አንድ በሽታ አለ። ካሜራው ቀን በደንብ ይሠራል፤ ሲመሽ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ሰው "ተበላሽቷል" ብሎ ይመልሰዋል። ያልተበላሸ ሊሆን ይችላል። ሲመሽ የሌሊት መብራቱን ያበራና ብዙ ኃይል ይስባል፤ በቀጭን ሽቦ ሲመጣ የነበረው 12 ቮልት መንገድ ላይ ያልቅበታል። ወፈር ያለ ሽቦ ይደረግለት ወይም ኃይል ሰጪው ወደ ካሜራው ይቅረብ።

መብራት የሚጠፋበት አገር ስለሆነ የባትሪውን ሒሳብ እንሥራ። የአክስቴ መቅጃና አንዱ ባለ ገመድ ካሜራ፣ ጓሮ ካለው ጋር፣ አንድ ላይ 20 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 50 አምፒር ሰዓት ባትሪ 600 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 15 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ያነጋል። በሱቅ የሚሸጠው ትንሹ ባለ 7 አምፒር ሰዓት ግን በዚሁ ስሌት ሁለት ሰዓት ነው፤ ከእራት እስከ መኝታ። በፀሐይ የሚሠራ ካሜራ ለሚያስቡ፣ ሰሌዳው በእኛ ኬክሮስ ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብሎ ቢቀመጥ ይበጃል፤ ማዘንበሉ አቧራውንም ዝናብ እንዲያጥበው ይረዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉም ሲውል ግን ብዙ አትጠብቁበት።

ነጎድጓድ ሲቀርብ መቅጃውን ከሶኬት ንቀሉት። ከግቢ ጫፍ እስከ ሳሎን የተዘረጋ መዳብ መብረቅን ወደ ቤት የሚጋብዝ መንገድ ነው። ካሜራውንም የቤቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጋር አስነክታችሁ አትስቀሉ።

የሌሊቱ መብራት ለዓይን የማይታይ ቀይ ብርሃን ነው። ካሜራው ለታዛው ግድግዳ ወይም ለቆርቆሮ ጫፍ በጣም ከተጠጋ ያ ብርሃን ተመልሶ ሌንሱን ያሳውረዋል፤ ሥዕሉ ነጭ ጉም ይሆናል። ሸረሪትም ሌንሱ ፊት ድሯን ትዘረጋለች። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው ሲቀርብ የሚበራ አንድ ተራ አምፑል ከበሩ በላይ ማድረግ ይበልጣል። ካሜራው ቀለም ያያል፣ መጪውም መታየቱን ያውቃል፣ አክስቴም ቢወጡ ደረጃው ይታያቸዋል።

ስለ ሰዓቱ ላንሣ፤ ማንም የማያስተምረው ይህ ነው። ብዙዎቹ ካሜራዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በቻይና ሰዓት ተሞልተው ነው፤ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ይመለስ። ከዚያም በኋላ ካሜራው የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስክሪኑ ላይ 02:14 ካለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ማለት ነው። ቀኑ ደግሞ በፈረንጁ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይቀየራል፤ እኛ "ሰኞ ሌሊት" የምንለውን ካሜራው ማክሰኞ ብሎ ይጽፈዋል። እናት ለፖሊስ "ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት" ብለው፣ ልጅ ከውጭ ሰኞ 08:00 ላይ ፈልጎ "ምንም የለም" ቢል ማንም አልዋሸም። አክስቴ ስክሪን ጎን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ "6 ቀንሱ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ቀኑ የነገ ነው።"

ነገር ከተፈጠረም ቶሎ ወደ ፍላሽ አስገልብጡ። መቅጃ ሲሞላ ከድሮው ጀምሮ እያጠፋ ይጽፋል። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ያለማቋረጥ ሲቀዳ በቀን 11 ጊጋባይት ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ 128 ጊጋ ካርድ 11 ቀን አካባቢ ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። "ለገና የጠፋው በግ" ለጥምቀት ማግስት ቢፈለግ አይገኝም። ለልጆችም ይህን ሒሳብ ንገሯቸው፤ አሥር ደቂቃ በቀጥታ ማየት 75 ሜጋባይት ገደማ ከእናት ጥቅል ላይ ይበላል።

የይለፍ ቃሉን ከፋብሪካ እንደመጣ አትተዉት። በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችና መቅጃዎችን በብዛት ማርኮ፣ እነሱኑ ጦር አድርጎ ትልልቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን ለሰዓታት አስቁሟል። የመካነ ኢየሱስ ካሜራ ለዚያ ወታደርነት ከኒውዮርኩ አያንስም። የሰቀለላችሁ ልጅ የሚያውቀውን ቃልም እሱ ከሄደ በኋላ ቀይሩት፤ ልጁን መጠርጠር አይደለም፣ ቁልፍ ሠሪ ሥራውን ሲጨርስ ቁልፉን እንደሚያስረክበው ነው።

ካሜራው ወዴት ማየት እንደሌለበት ደግሞ ከባዱ ጉዳይ ነው። የአክስቴ በር የጎረቤታቸውን በር ፊት ለፊት ያያል። ጎረቤታቸው ሴት ወይዘሮ ናቸው፤ ማን ገባ ማን ወጣ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ከመስቀሌ በፊት ቡና ጠጥተን ሥዕሉን አሳየኋቸው፤ በራቸው ያለበትን ጥግ መቅጃው ላይ በጥቁር ሸፈንኩት፤ ብዙው መቅጃ ይህን ያደርጋል። ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። የሰው የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተቀመጠ መብት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይላል። ስለዚህ በካሜራችሁ የታየውን ሰው "ሌባ ነው" ብሎ ቲክቶክ ላይ ከመለጠፍ ወደ ፖሊስ መውሰድ ይሻላል። ጋቢ የለበሰ ሁሉ ይመሳሰላል።

ወደ መንገድም አታዙሩት። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም፤ በክልላችን ባለፉት ዓመታት መሣሪያ የያዘም በየአቅጣጫው ያልፋል። "ማንን ነው የምትቀርጹት? ለማን ነው የምትልኩት?" የሚል ጥያቄ ለብቻቸው በሚኖሩ እናት በር ላይ እንዲመጣ የሚፈልግ ልጅ የለም። የአክስቴ ካሜራ የሚያየው በራቸውንና ከበሩ ውጭ አንድ እርምጃ ያህል ነው። ድምፅ መቅጃውንም ዘግቼዋለሁ።

በመጨረሻ ከልጃቸው ጋር የተነጋገርነው ስለ ታዛው ነው። ሁለተኛ ካሜራ ታዛው ሥር እንዲሆን ፈልጎ ነበር። "እማን በቀን አንዴ ካየኋት ይበቃኛል፤ ወድቃ ቢሆንስ?" አለኝ። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ እሱ በሩቅ ነው፣ እሳቸው ሰባ አልፏቸዋል። ስልኩን ለእሳቸው ሰጠኋቸው።

"ልጄ" አሉት፣ "ታዛው ላይ ፀጉሬን እሠራለሁ፣ እግሬን እታጠባለሁ፣ ከእነ እትዬ ጋር የማማውን አማለሁ። አንተ ስትደውል ግን እኔው ራሴ እነግርሃለሁ።"

ሳቀ፤ ግን ወዲያው አልተቀበለም። እየተከራከሩ ጥቂት ቆዩ። የተስማሙት እንዲህ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አክስቴ ከአልጋ እንደተነሱ የበሩን አምፑል ያጠፋሉ። የጎረቤት ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ አምፑሉ አሁንም በርቶ ካየ ገብቶ ይጠይቃቸዋል፣ ለልጃቸውም ይደውላል። ለዚህ ካሜራ አላስፈለገም። ይኸው ልጅ በየወሩ በልደታ ዕለት ሌንሱን በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋል፣ የሸረሪት ድሩን ያነሣል፣ ስክሪኑን ከፍቶ የትናንቱ መቀዳቱን ያያል። ክፍያውን ልጃቸው ከውጭ ይልካል፤ የደብተር ዋጋ ነው።